በስልክ የተከፈተ በር፦ የኦፒዮይድ ሱስ የርቀት ሕክምና ከኮቪድ ወዲህ

የኦፒዮይድ ሱስ የርቀት ሕክምና፣ በሄሮይን፣ በፌንታኒል ወይም ሐኪም በሚያዛቸው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ሱስ የተያዘ ሰው ከሐኪሙ ጋር ፊት ለፊት ሳይገናኝ፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ታይቶ መድኃኒት የሚታዘዝለት አሠራር ነው። በአሜሪካ ይህ አሠራር እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ በሕግ የታጠረ ነበር (እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐኪሞችና ታካሚዎች ለዓመታት ይነሣልን ሲሉ የኖሩት አጥር ኮቪድ-19 በገባ ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ተከፈተ። ስልክ ያኔ አልተፈለሰፈም፤ ቪዲዮም ከተለመደ ቆይቷል። የጎደለው ፈቃድ ነበር።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ከሕክምናው መነሣት ይገባል። ኦፒዮይድን ለረጅም ጊዜ የለመደ አካል ሲያጣው ይታመማል፦ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ቁርጥማት፣ እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። ብዙ ሰው ከጊዜ በኋላ ዕፁን የሚወስደው ለደስታ ብሎ ሳይሆን ከዚህ ሕመም ለማምለጥ ነው። በጽናት ብቻ ያቋረጠውንም ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል። አካሉ የቀድሞውን መጠን መቋቋም ስለተወ፣ አንድ ቀን ተሸንፎ የለመደውን ያህል ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ የሕክምናው ምሰሶ መድኃኒት ነው። ዋናዎቹ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ናቸው። ሁለቱም ራሳቸው የኦፒዮይድ ወገን ቢሆኑም ቀስ ብለው የሚሠሩና በአካል ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚቆዩ በመሆናቸው፣ በተስተካከለ መጠን ሲሰጡ ታካሚውን ሳያሰክሩ ሕመሙንም አምሮቱንም ያስታግሣሉ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለኋላው ታሪክ ወሳኝ ነው። ሜታዶን ብርቱ ነው፤ ያልለመደው ሰው፣ በተለይም ሕፃን ልጅ፣ ቢወስደው ይገድላል። ቡፕረኖርፊን ከምላስ ሥር እየሟሟ የሚወሰድ ሲሆን፣ መጠኑ ከተወሰነ ጣሪያ ካለፈ በኋላ ቢጨመርም ትንፋሽን የማፈን ኃይሉ ያን ያህል አይጨምርም። አብዛኛውን ጊዜ የኦፒዮይድን ኃይል ከሚሽረው መድኃኒት ከናሎክሶን ጋር ተቀላቅሎ ይዘጋጃል፤ ይህም ሰዎች አሟሙተው በመርፌ እንዳይወጉት ታስቦ ነው።

ሜታዶን ለሱስ ሕክምና የዋለው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች የሄሮይን ሱሰኞችን በዚህ መድኃኒት አክመው፣ ታካሚዎቻቸው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት መመለስ እንደቻሉ በ1965 አሳተሙ። መድኃኒቱ ሲስፋፋ መንግሥት በ1970ዎቹ ልዩ ደንብ አወጣለት። ሜታዶን ለሱስ የሚሰጠው ልዩ ፈቃድ ባላቸው ክሊኒኮች ብቻ ሆነ። ታካሚው በየማለዳው ተሰልፎ፣ የዕለቱን መጠን ነርስ ፊት ቆሞ መዋጥ ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወደ ቤቱ ይዞ መሄድ የሚፈቀድለት ክሊኒኩ ከሚዘጋባቸው ቀናት ሌላ በሳምንት የአንድ ቀን መጠን ብቻ ነበር። ክሊኒክ በማይገኝበት ገጠር ይህ ማለት በየቀኑ የሰዓታት መንገድ ማለት ነው። ማለዳ ሥራ የሚገባ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ መኪና የሌለው ሰው ከሕክምናው ጋር ኑሮውን ማስማማት አይሆንለትም። ሰውየው ከሱሱ እንዲወጣ የተሰጠው መድኃኒት ሥራ እንዳይዝ ካደረገው፣ ሕክምናው ራሱን በራሱ እያፈረሰ ነው ቢባል ስሕተት የለውም።

ቡፕረኖርፊን የመጣው ይህን ለማቃለል ነበር። በ2000 የወጣ ሕግ ተራ ሐኪም በቢሮው እንዲያዝዘው መንገድ ጠረገ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2002 አጸደቀው። ታካሚው ማዘዣውን ይዞ ሰፈሩ ካለ ፋርማሲ መግዛት ቻለ። ነገር ግን ሐኪሙ የስምንት ሰዓት ሥልጠና ወስዶ ልዩ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት፤ የሚያክማቸውም ሰዎች ቁጥር በሕግ ተገደበ። ያው ሐኪም ሰዎችን ሱስ ያስያዙትን የሕመም ማስታገሻዎች ለማዘዝ ግን እንዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም ነበር።

በዚህ ላይ የኢንተርኔቱ ሕግ ተጨመረ። ራያን ሄይት የተባለ የ18 ዓመት የካሊፎርኒያ ወጣት በ2001 ከኢንተርኔት ፋርማሲ የገዛውን የሕመም ማስታገሻ ወስዶ ሞተ። ያዘዘለት ሐኪም በአካል አይቶት አያውቅም ነበር። የወጣቱ ቤተሰቦች ባደረጉት ትግል በስሙ የተሰየመው ሕግ በ2008 ወጣ፦ ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት በኢንተርኔት ለማዘዝ ሐኪሙ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታካሚውን በአካል ማየት አለበት። የሕጉ ዓላማ በጎ ነበር፤ ያለ ሐኪም ክትትል ክኒን የሚቸረችሩትንም ገጾች መታ። ቡፕረኖርፊን ግን በዚያው የቁጥጥር መዝገብ ውስጥ ስለነበረ አብሮ ተመታ። ክኒን ልጅን እንዳይገድል የተሠራው አጥር ከክኒኑ ሱስ ለመውጣት የሚፈልገውንም ውጭ አስቀረው። ሕጉ ካስቀመጣቸው ጥቂት መውጫዎች አንዱ በመንግሥት የታወጀ የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ጊዜ ነበር፤ ለ12 ዓመታት ብዙም ጥቅም ላይ ያልዋለ ቀዳዳ።

የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 አስቸኳይ ጊዜውን አወጀ። ማርች ሲገባ ክሊኒኮቹ ጭንቅ ውስጥ ወደቁ፤ በሰልፍ የቆሙት ታካሚዎች ብዙዎቹ የሳንባና የጉበት ሕመም ያለባቸው፣ ወረርሽኙ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳቸው ሰዎች ነበሩ። ማርች 16 ቀን የሱስና የአእምሮ ጤና ጉዳዮች መሥሪያ ቤቱ ክሊኒኮች ለተረጋጋ ታካሚ እስከ 28 ቀን፣ ገና ላልተረጋጋው እስከ 14 ቀን የሚበቃ ሜታዶን ወደ ቤት እንዲሰጡ ፈቀደ። የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜውን መውጫ በመጠቀም የቪዲዮ ምርመራን ተቀበለ፤ ወሩ ሊያልቅ ሲልም፣ ማርች 31፣ ቡፕረኖርፊን በተራ የስልክ ጥሪ ብቻ ሊጀመር እንደሚችል አስታወቀ። ሜታዶንን ለመጀመር ግን በአካል መቅረብ ግዴታ ሆኖ ቀረ። በዚያው ሰሞን የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉን የሚያስፈጽመው ክፍል ፌስታይምን፣ ዙምንና ስካይፕን ለምርመራ የሚጠቀሙ ሐኪሞችን እንደማይቀጣ ገለጸ፤ ፌስቡክ ላይቭና ቲክቶክ ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ አልተፈቀዱም።

ከእነዚህ ሁሉ ውሳኔዎች ትልቁ የስልኩ ነው። ቪዲዮ ጥሩ ስልክ፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጋል፤ መጠለያ ውስጥ የሚያድር ወይም ትናንት ከእስር የተፈታ ሰው ሦስቱም የሉትም። ተራ ስልክ ግን ከጓደኛም ይለመናል። በትንሿ ሮድ አይላንድ ግዛት በኤፕሪል 2020 የተከፈተው የቡፕረኖርፊን የስልክ መስመር ይህን አሳይቷል። ደዋዩ በማንኛውም ሰዓት ቢደውል ፈቃድ ያለው ሐኪም ጋር ይገናኛል፤ ሐኪሙ ከጠየቀውና ካመዛዘነ በኋላ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ማዘዣ ወደ ፋርማሲ ይልክለታል፤ ከዚያም ዘላቂ ክትትል ወደሚያገኝበት ክሊኒክ ይመራዋል። በሱስ ሕክምና ውስጥ አንድ ሰው «ልጀምር» የሚልበት ሰዓት አጭር ናት። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆነ ሰውየው ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ሊሞትም ይችላል።

በስልክ የሚደረገው ምርመራ ከላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ብልሃት የሚጠይቅበት ቦታ ግን አለው። ቡፕረኖርፊን በአካል ውስጥ ያለውን ሌላ ኦፒዮይድ ከቦታው ገፍቶ ስለሚያስለቅቅ፣ ሰውየው ዕፁን ከወሰደ በኋላ ሳይቆይ ቢጀምረው በአንድ ጊዜ ከባድ የማቋረጥ ሕመም ውስጥ ይጥለዋል። ስለዚህ የሕመሙ ምልክቶች እስኪጀምሩ መጠበቅ አለበት፤ ለሄሮይን አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ቀን ያህል ይበቃል። ፌንታኒል ግን በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ጥበቃው ይረዝማል፤ ሰዓቱን መገመትም ይከብዳል። ቀድሞ ይህ የመጀመሪያ መጠን በክሊኒክ ውስጥ፣ በነርስ ዓይን ሥር ይሰጥ ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች ከወረርሽኙ በፊትም ታካሚው ቤቱ እንዲጀምር ያደርጉ ስለነበር ልምዱ ከባዶ አልተነሣም። ሐኪሙ በስልክ ላብ አለህ ወይ፣ ታዛጋለህ ወይ፣ ሆድህ ይታወካል ወይ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ታካሚው የሚመልሰውን ያምናል። ከዓመታት ክትትልና ጥርጣሬ በኋላ ታካሚውን አምኖ መነሣት ለአሜሪካ የሱስ ሕክምና ትልቅ ለውጥ ነበር።

ማዘዣው ከተላከ በኋላም መሰናክል አልጠፋም። አንዳንድ ፋርማሲዎች ቡፕረኖርፊን በመደርደሪያቸው አያስቀምጡም፤ ሌሎች ደግሞ ከሩቅ ሐኪም የመጣ ማዘዣ ሲያዩ ቁጥጥሩን ፈርተው ይመልሱታል። የሐኪሙ ፈቃድም ችግር ነው። ርቀት በስልክ ቢጠፋም ሕጉ ሕክምናው የተሰጠው ታካሚው ባለበት ግዛት ነው ብሎ ስለሚቆጥር፣ ሐኪሙ የዚያ ግዛት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በሜሪላንድ የሚሠራ አማርኛ ተናጋሪ ሐኪም ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ለሚኖር የአገሩ ሰው በቋንቋው ሊያዝዝለት ቢፈልግ፣ የቨርጂኒያን ፈቃድ መያዝ ይጠበቅበታል። በወረርሽኙ ጊዜ ብዙ ግዛቶች ይህንን አላልተው ነበር፤ ቆይተው ግን ብዙዎቹ መልሰው አጠበቁት።

ውጤቱን ለመመዘን የሞት ቁጥር ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ ዕፅ ከልክ በላይ በመውሰድ የሞቱት በ2019 70,630 ሲሆኑ፣ በ2020 91,799፣ በ2021 ደግሞ 106,699 ደረሱ። የርቀት ሕክምና በተፈቀደባቸው ዓመታት ሞት በዚህ ፍጥነት ከጨመረ ሕክምናው አልሠራም ማለት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በዚሁ ጊዜ ፌንታኒል ገበያውን ወርሶታል፤ ብቸኝነት፣ ሥራ ማጣትና የክሊኒኮች መዘጋትም አንድ ላይ መጥተዋል። ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ ዕፅ የሚወስድን ሰው ትንፋሹ ሲቆም ናሎክሶን የሚሰጠው አጠገቡ የለም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች የታካሚዎችን መዝገብ ገልጠው ተመለከቱ። ሜዲኬር በተባለው የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የመንግሥት ጤና መድን ውስጥ ያሉ ሰዎችን ተከትሎ በ2023 የታተመ ጥናት፣ በወረርሽኙ ጊዜ የርቀት አገልግሎት ያገኙት ዕፅ ከልክ በላይ በመውሰድ የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ቡፕረኖርፊን የወሰዱት በ38 በመቶ፣ ከክሊኒክ ሜታዶን ያገኙት በ59 በመቶ ያነሰ ዕድል ነበራቸው። ቀደም ብሎ በ2022 የታተመ የዚያው ቡድን ጥናትም የርቀት አገልግሎት ያገኙት በመድኃኒታቸው ላይ የመጽናት ዕድላቸው የተሻለ እንደነበር አሳይቷል። እነዚህ ጥናቶች ታካሚዎችን በዕጣ ከፋፍለው ያወዳደሩ አይደሉም፤ ስልክ አንሥቶ ሐኪም የሚያነጋግር ሰው ከመጀመሪያውም ሻል ያለ ኑሮ ያለው ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ አቅጣጫቸው አንድ ነው።

ተቃዋሚዎች አብዝተው የሚፈሩት መድኃኒቱ ወደ ጎዳና መውጣቱን ነበር። ከጁላይ 2019 እስከ ጁን 2021 ባለው ጊዜ ከኦፒዮይድ ጋር በተያያዙ ሞቶች ውስጥ ቡፕረኖርፊን የተገኘባቸው 2.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ድርሻውም ሕጉ ከላላ በኋላ አላደገም። የሜታዶንም ድርሻ ከጠቅላላው የዕፅ ሞት በ2019 ከነበረበት 4.5 በመቶ በ2021 ወደ 3.2 በመቶ ወረደ። እዚህ ላይ ግን የእንግሊዝን ማስረጃ መሸፈን አይገባም። በዚያ አገር በ2020 የመጀመሪያው የቤት መቀመጥ ወራት፣ በየቀኑ ፋርማሲስት ፊት ይዋጥ የነበረው ሜታዶን ለብዙዎች በአንድ ጊዜ የሳምንትና የሁለት ሳምንት ሆኖ ተሰጠ። ሜታዶን የተገኘባቸው ሞቶችም ጨመሩ፤ ጭማሪው የታየው መድኃኒቱ ባልታዘዘላቸው ሰዎች ላይ ነበር። በራሳቸው በታካሚዎቹ ላይ ያን ያህል ጭማሪ አልታየም፤ በይበልጥ የተጎዱት መድኃኒቱ እጃቸው የገባ ሌሎች ናቸው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ሜታዶንን ወደ ቤት መስጠት ስሕተት ነው የሚል አይደለም። የሚቆለፍ ሣጥንና ናሎክሶን አብረው ካልተሰጡ ግን ሥራው ግማሽ ነው።

የርቀት ሕክምና የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። ለረጅም ጊዜ ብዙ መጠጥ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና የሚጥል ሕመም ሊከተለው ይችላል። ይህ ሊገድል ስለሚችል ከባዱ ጉዳይ አልጋ ይፈልጋል፤ በስልክ አይመራም። ለሜታምፌታሚንና ለጫት ደግሞ ቡፕረኖርፊንን የሚተካከል የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው በምክርና በክትትል ላይ ይቆማል። ስለዚህ ጫት ዋና ጉዳይ በሆነበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ከአሜሪካው ልምድ የሚወሰደው የማዘዣው ክፍል ሳይሆን የምክሩ ክፍል ነው። ምስጢር መጠበቅም ሌላ ገደብ ነው። ቤት ውስጥ የሚደበድባት ባል ያላት ሴት ስለ ሱሷ በስልክ ስታወራ ማን እንደሚያዳምጥ ሐኪሙ አያይም። በክሊኒክ በሩ ሲዘጋ የሚገኘው ምስጢር በስልክ አይገኝም።

የእርስ በርስ መረዳጃ ማኅበራትም በማርች 2020 ወደ ዙም ገቡ። ከእነርሱ ሁሉ የሚታወቀው የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር የተጀመረው በስልክ ጥሪ ነበር። በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ ሆቴል ውስጥ ሆኖ የመጠጥ አምሮት ሲያስጨንቀው፣ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ፍለጋ ወደ ከተማዋ ቀሳውስት ደወለ፤ በእነርሱም በኩል ዶክተር ቦብ ስሚዝን አገኘ። ማኅበሩ ከዚያ ግንኙነት ተወለደ። በ2020 ቤታቸው ተዘግተው ስልክ ያነሡት ሰዎች ያደረጉት ከዚህ የራቀ አልነበረም።

በርቀት ማዘዝ ለስግብግብነትም በር መክፈቱ እውነት ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በጁን 2024 የአንድ የርቀት ሕክምና ኩባንያ ኃላፊዎችን አደራል የተባለውን አነቃቂ መድኃኒት በሕገ ወጥ መንገድ አሠራጭታችኋል ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ የትኩረት ማጣት ሕመም መድኃኒትን የሚመለከት ነው፤ የሱስ ሕክምና አይደለም። ነገር ግን ተቆጣጣሪዎች ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየታቸው ለቡፕረኖርፊን ቋሚ ደንብ መዘግየት አንዱ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። አነቃቂውን መድኃኒት የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ ቡፕረኖርፊንን የሚፈልገው አብዛኛው ሰው ግን የሚፈልገው እንዳይታመም ነው። ሁለቱን በአንድ ደንብ መግዛት ስሕተት ነበር።

አስቸኳይ ጊዜው ሜይ 11 ቀን 2023 አበቃ። ከዚያ በፊት፣ በዲሴምበር 2022 የወጣ ሕግ ለቡፕረኖርፊን ይጠየቅ የነበረውን ልዩ ፈቃድ አስቀርቶ ነበር። በ2023 መጀመሪያ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ በስልክ የሚጀመረው ሕክምና ለ30 ቀናት ብቻ ሆኖ ከዚያ ታካሚው በአካል ይቅረብ የሚል ረቂቅ ሲያወጣ ከ38 ሺህ በላይ አስተያየት ጎረፈለት። መሥሪያ ቤቱ ረቂቁን አዘግይቶ የወረርሽኙን ጊዜ ፈቃድ ደጋግሞ አራዘመ። የሜታዶኑ ደንብ በፌብሩዋሪ 2024 ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እስከ 7 ቀን፣ ከ15ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 14 ቀን፣ ከወር በኋላ እስከ 28 ቀን የሚበቃ መድኃኒት ወደ ቤት መስጠትን ቋሚ አደረገ፤ ሜታዶንም በቪዲዮ ምርመራ እንዲጀመር ፈቀደ። የቡፕረኖርፊኑ የመጨረሻ ደንብ የወጣው በጃንዋሪ 2025 ነው። ሐኪሙ የግዛቱን የማዘዣ መዝገብ ካየ በኋላ በስልክ ብቻ እስከ ስድስት ወር ሊያዝዝ ይችላል፤ ፋርማሲስቱ ደግሞ የታካሚውን ማንነት ያረጋግጣል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተገፍቷል።

የፌዴራሉ ደንብ ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ግዛቶች ከዚህ የጠበቀ ሕግ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ክሊኒኮችም ታካሚውን በየማለዳው መጥራት ከፈለጉ የሚከለክላቸው የለም። ክፍያ ታካሚው በተገኘበት ቀን ቁጥር የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ሰልፉን ለማሳጠር የሚነሣሣ ክሊኒክ ጥቂት ነው። ሐኪም በተመሳሳይ መድኃኒት ላይ ያለው ሥልጣንም ገና ሁለት መልክ አለው። ሜታዶን ለጀርባ ሕመም ከታዘዘ ከማንኛውም ፋርማሲ ይገዛል፤ ለሱስ ሕክምና ከሆነ ግን እስከ ዛሬ የሚገኘው በመላ አገሪቱ ካሉት ሁለት ሺህ ገደማ ልዩ ክሊኒኮች ብቻ ነው።